«ጌም» ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የቃላት ዝርዝር ሽምደዳ ይብቃ

መቱ፣ ጎሬ፣ ያዮ፣ በደሌ። ከተማው ይለያይ እንጂ ወረቀቱ አንድ ነው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙ፣ መሐል ላይ የእኩል ምልክት። ከላይ በትልቁ «ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወሳኝ 500 ቃላት» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያባዛዋል፣ አስጠኚው ያድለዋል፣ የቴሌግራም ቻናሉ ደግሞ በየማለዳው «የዛሬ 10 ቃላት» እያለ ቆራርጦ ይለጥፈዋል። ተማሪው ይሸመድዳል። ሳምንት ሳይሞላ አብዛኛው ይጠፋበታል። የቀሩት ጥቂቶቹም አንቀጽ ውስጥ ገብተው ሲመጡበት አያውቃቸውም።

ወላጅ ግን ደስ ይለዋል። ልጁ ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲያነበንብ ይሰማል፤ «ልጄ እንግሊዝኛ እያጠና ነው» ብሎ ይተኛል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ልጁ በስልክ ባትሪ ይቀጥላል። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የሚያናድደው ያ ሁሉ ድካም በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መሸከም መሆኑ ነው። መንገድ ላይ ሲፈስ ውሎ ቤት ሲደርስ የቀረው ጆንያው ብቻ ነው።

ተማሪውን ሰነፍ ማለት ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ይሉታል። ጥፋቱ ግን የተማሪው አይደለም። ቃልን እንደ ስልክ ቁጥር በቃል የሚያዝ ነገር አድርገው የሰጡት አዋቂዎች ናቸው። መፍትሔው ደግሞ አዲስ ፕሮጀክት፣ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ሥልጠና አይጠይቅም። ዝርዝሩን አስቀምጦ ታሪክ ማንበብ ነው። ልብ የሚያንጠለጥል፣ «ከዚያስ?» የሚያሰኝ፣ ጥሩ የጀብዱ አጭር ታሪክ።

■ ቁጥሩ ምን ይላል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ያደረገው ውጤት ከሰው አእምሮ የሚጠፋ አይደለም። በ2014፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ ተብሎ እፎይ ተባለ። እፎይ የተባለው ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ ወድቆ ነው።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጦርነት አለ፣ ኮቪድ ያቋረጠው ትምህርት አለ፣ የመምህሩ ኑሮ አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ለዓመታት ችላ የተባለ ኩረጃ አለ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላይ ማላከክ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነገር አይካድም። የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም፣ የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ተማሪ መልሱን ቢያውቅም አላወቀም።

በኢሉባቦር ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ከመቱ፣ ከሁሩሙ፣ ከአልጌ ወይም ከዳሪሙ የመጣ ልጅ እንደ ሌላው የኦሮሚያ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፋን ኦሮሞ ይማራል። እንግሊዝኛ እስከዚያ ድረስ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን በአንድ ክረምት ውስጥ የሁሉም ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ይጠብቀዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ጥፋት አይደለም፤ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ማሰብን መልመዱ ትክክለኛ መሠረት ነው። የጎደለው ድልድዩ ነው። ከ8ኛ ወደ 9ኛ ማሻገር የነበረበት ንባብ ነበር፤ በንባብ ፋንታ የቆመው ግን ባለ 500 ቃላቱ ወረቀት ነው።

■ አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም?

«ጌም» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በመቱ ጎዳና ላይ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ በስልክ የሚጫወቱት ነገር ነው። ዝርዝሩም «ጌም = ጨዋታ» ብሎ ይደመድማል። አሁን አሜሪካዊው ሪቻርድ ኮኔል እ.ኤ.አ. በ1924 «ኮሊየርስ» በተባለ መጽሔት ያሳተመውን አጭር ታሪክ ርዕስ ተመልከቱ፦ «ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም»። በዝርዝር የሠለጠነ ተማሪ «እጅግ አደገኛው ጨዋታ» ብሎ ይተረጉመዋል። ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ልክ ነው። «ጌም» በእንግሊዝኛ የሚታደን አውሬም ነው። ርዕሱ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላል፦ አደገኛው ጨዋታ፣ አደገኛው ታዳኝ። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅ ይለዋል። የታሪኩ ምስጢር የተቋጠረው እዚያች ቃል ላይ ነው፤ የእኩል ምልክት ደግሞ ቋጠሮ አይፈታም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሬንስፎርድ የተባለ ስመ ጥር አዳኝ በመርከብ ሲጓዝ ሌሊት ባሕር ውስጥ ይወድቃል። የሚታደን አውሬ ምን ይሰማው ይሆን ለሚለው ጥያቄ ደንታ ያልነበረው ሰው ነው። ዋኝቶ አንዲት ደሴት ላይ ይወጣል። በደሴቲቱ ላይ ጄኔራል ዛሮፍ የሚባል ሩሲያዊ ኮሳክ ግርማ ባለው ትልቅ ቤት ይኖራል። ጄኔራሉ ደግ አስተናጋጅ ይመስላል፤ እንግዳውን ያበላል፣ ያለብሳል። ቀስ በቀስ ግን ምስጢሩን ያወጣዋል። አውሬ ማደን ሰልችቶታል፤ አውሬ ደመ ነፍስ እንጂ አእምሮ የለውም። ስለዚህ የሚያስብ ታዳኝ ፈልጎ አግኝቷል፤ ሰውን። ሬንስፎርድ ቢላዋና ስንቅ ተሰጥቶት ወደ ጫካ ይለቀቃል። ሦስት ቀን ሳይያዝ ከቆየ ነፃ ነው።

እዚህ ላይ ማን ያቆማል? ተማሪው ያላወቀው ቃል ቢመጣበት እንኳ ገጹን ለመግለጥ ይቸኩላል። ቃሉ በሁለተኛው ገጽ ተመልሶ ይመጣል፣ በሦስተኛውም ይመጣል። «ትሬል» ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሬንስፎርድ ዱካውን ለማጥፋት ሲጠማዘዝ አብሮት ተጠማዟል። «ሀውንድ» የሚለውን አይረሳም፤ ምክንያቱም የአዳኝ ውሾቹ ጩኸት እየቀረበ ሲመጣ የእሱም ልብ መትቷል። ሰው ፈርቶ፣ ጓጉቶ፣ ተናዶ ያገኘውን ቃል አይጥልም።

«ኳሪ»ንም ውሰዱ። በእኛ አገር ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው የድንጋይ ካባ ብሎ ነው፤ ዝርዝሩም ያንኑ ይላል። በዝርዝሩ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ጄኔራል ዛሮፍ ተስማሚ «ኳሪ» ስለ መፈለጉ ሲያነብ ሰውየው ድንጋይ ሊያስፈልጥ ነው ብሎ ያስባል። ታሪኩን ያነበበ ግን «ኳሪ» የሚታደነው፣ የሚሳደደው መሆኑን ከሰውየው ዓይን ላይ ያነበዋል። ቃል ከጎረቤቱ ተነጥሎ አይኖርም፤ ጎረቤቱን ያላየ ቃሉን አላየም።

■ ነገሩን ያውቀዋል፤ የጎደለው ስሙ ነው

«የአሜሪካ ታሪክ ለኢሉባቦር ልጅ ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ ጫካው ውስጥ አለ።

ሬንስፎርድ ጄኔራሉን ለመጣል ሦስት ወጥመድ ይሠራል። አንዱ ሲነኩት የሚወድቅ የደረቀ ግንድ ነው። ሁለተኛው ሹል እንጨት የተተከለበት፣ በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ነው። ሦስተኛው በታጠፈ ለጋ ዛፍ ላይ የታሰረ ቢላዋ ነው፤ ይህን ዘዴ ኡጋንዳ ውስጥ እንደተማረው ይናገራል። የደን ቡናዋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በተመዘገበላት በያዮ፣ ወይም በሶር ፏፏቴ አቅራቢያ ባሉ ቀበሌዎች ለአደገ ልጅ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? በበቆሎ ወቅት ማማ ላይ አድሮ ከርከሮ የሚያባርር ልጅ ነው። ዝንጀሮ በየት በኩል እንደሚመጣ ያውቃል። ጭቃ ላይ ያለ ዱካ የማን እንደሆነ ይለያል። ከሬንስፎርድ ያላነሰ የጫካ ዕውቀት ይዞ ነው ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው።

ጫካውን «ቦሶና» ይለዋል። ወጥመዱን «ኪዮ»፣ ጉድጓዱን «ቦላ»፣ አደኑን «አዳሞ» ይለዋል። በአማርኛም ስማቸውን ያውቃል። ነገሩ በእጁ አለ፤ የጎደለው ሦስተኛው ስም ብቻ ነው። ቋንቋ በቀላሉ የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የታወቀ ነገር አዲስ ስም ሲያገኝ። የ500 ቃላቱ ዝርዝር ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አይቶት ለማያውቀው ነገር፣ ሰምቶት የማያውቀውን ስም ይሰጠዋል። ሁለት ድንቁርና በእኩል ምልክት ቢያያዝ ዕውቀት አይወልድም።

ስለዚህ አፋን ኦሮሞው የእንግሊዝኛው ጠላት አይደለም። ክፍል ውስጥ «እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» እያሉ ልጁን ዝም የሚያሰኙ ሰዎች የሚሰብሩት ያንን ድልድይ ነው። ልጁ ያነበበውን ገጽ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይተርከው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ይመለስ። ታሪኩ የገባው ልጅ ቃሉን ራሱ ይፈልገዋል።

■ «አባቶቻችን በሽምደዳ ነው የተማሩት»

የሽምደዳ ጠበቆች የመጨረሻ ምሽግ ይህ ነው። የቆሎ ተማሪው ዳዊት በቃሉ ይዟል፣ የመድረሳ ተማሪው ቁርኣን በቃሉ ይዟል፤ ታዲያ ሽምደዳ ምን ነውር አለበት ይላሉ።

ክርክሩ ራሱን ያፈርሳል። የቆሎ ተማሪው የያዘው ዳዊትን ነው፤ ከዳዊት ተለቅመው በሰንጠረዥ የተደረደሩ ቃላትን አይደለም። የያዘው ዜማ ያለው፣ ሐዘንና ደስታ ያለው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሙሉ ንባብ ነው። ቀጥሎ ትርጓሜ ቤት ገብቶ ይህ ቃል እዚህ ቦታ ላይ ምን ማለት ነው፣ አንድም ምንድን ነው እያለ ዓመታት ይቆያል። «አንድም» የሚለው ልማድ ራሱ ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም ብሎ ነገር የለም ማለት ነው። የመድረሳውም እንደዚያው፤ ሱራው ሙሉ ነው፣ ተፍሲሩ ይከተላል። አባቶች የሸመደዱት ንባብ ነው፤ ዛሬ የሚሸመደደው ማውጫ ነው።

ቤት ውስጥም ቢሆን እናት ለልጇ የቃል ዝርዝር ሰጥታ አታውቅም። «ዱሪ ዱሪ» ብላ ትጀምራለች፤ አማርኛ ተናጋሪዋ «ተረት ተረት» ትላለች። ልጁ ጅብ፣ ቀበሮ፣ ተንኮል፣ ስግብግብ የሚሉትን ቃላት ያገኘው እዚያ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድም ሲወለድ በጀብዱ ነው የተወለደው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ጦቢያ» ምርኮ፣ ስደት፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድ ያለበት ታሪክ ነው። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ለእንግሊዝኛው ሲሆን ታሪኩን ጥሎ ዝርዝሩን የያዘው በምን ሒሳብ ነው?

■ ሌላው ዓለም ሞክሮታል

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊጂ ደሴቶች መጽሐፍ ያልደረሳቸው የገጠር ትምህርት ቤቶችን መረጡ። ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍሎች፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 250 የእንግሊዝኛ ታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች በተለመደው የሰዋስውና የልምምድ ትምህርት ቀጠሉ። ከ8 ወር በኋላ ታሪክ ያነበቡት ልጆች በንባብና በማዳመጥ የተሻሻሉበት ፍጥነት ከተለመደው እጥፍ ነበር። ከ20 ወር በኋላ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፍቶ ወደ ሌሎች የቋንቋ ክህሎቶችም ተዛመተ። እንግሊዝኛ ለእነዚያም ልጆች ሁለተኛ ቋንቋ ነበር። ገጠር ነበሩ፤ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ከዳሪሙ ልጅ በምን ይለያሉ?

ከዚያም በፊት ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቤንጋል ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞታል። ልጆቹ ከሚችሉት በላይ አዲስ ቃል የታጨቀባቸው መጻሕፍት ነበሩ የሚሰጧቸው። እሱ ያደረገው «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የመሳሰሉ የጀብዱ ታሪኮችን ወስዶ ብዙም የማያገለግሉትን ቃላት በተለመዱት እየተካ፣ አዲሶቹንም እያራራቀና እየደጋገመ እንደገና መጻፍ ነበር። ታሪኩን አልጣለውም፤ ለልጁ አቅም አስተካከለው።

■ «ከባድ ነው» ለሚሉ

እውነት ለመናገር ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። የኮኔል ታሪክ እንዳለ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ቢሰጥ ይከብደዋል። የቋንቋ ተመራማሪው ፖል ኔሽን እንዳሳየው አንባቢ ያለ ረዳት በምቾት ለማንበብ ከገጹ ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ አለበት፤ ከ50 ቃል የማያውቀው አንድ ብቻ ሊሆን ይገባል ማለት ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ታሪኩ 8,000 ቃላት ገደማ ነው። መምህሩ እንደ ዌስት አቅልሎ በ16 ይክፈለው፤ እያንዳንዱ ክፍል 500 ቃል ይሆናል። ከ500 ቃል 2 በመቶው 10 ነው። ቻናሉ በየማለዳው የሚለጥፋቸው 10 ቃላት ማለት ነው፤ ቁጥሩ ያው ነው። ልዩነቱ ግን እነዚህ 10ሩ ተማሪው በሚያውቃቸው 490 ቃላት ታጅበው፣ ሰው እየታደነ ባለበት ጫካ ውስጥ መምጣታቸው ነው። በሳምንት ሁለት ክፍል ቢነበብ ታሪኩ በ8 ሳምንት ያልቃል። ልጁ 160 ቃል ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብቦ የመጨረስ ድፍረት ይዞ ይወጣል። ያንን ድፍረት የትኛውም ዝርዝር ሰጥቶ አያውቅም፤ ዝርዝር የሚሰጠው የማያልቅ ዕዳ ነው።

ቃልን በካርድ ወይም በደብተር ይዞ መከለስ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን ያነበቡትን ለማጽናት ሲሆን ነው። ተማሪው ከታሪኩ የለቀማቸውን ቃላት ከነዓረፍተ ነገራቸው በራሱ እጅ ይጻፍ፣ በሳምንቱ ይከልስ። ያ ዝርዝር የእሱ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራለት ግን የሌላ ሰው ዝርዝር ነው።

«ፈተናው ምርጫ ነው፣ ታሪክ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉም አሉ። የእንግሊዝኛው ፈተና ራሱ አንቀጽ አንብቡና መልሱ ይላል፤ ቃሉንም በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ይጠይቃል። ሰዓቱን የሚጨርሰው ብዙ የሸመደደው ሳይሆን ፈጥኖ የሚያነበው ነው።

«ታሪኩ ጭካኔ አለበት» ለሚሉም መልስ አለ። አለበት፤ ጄኔራል ዛሮፍ ሌሎች ሕዝቦችን የሚንቅ ሰው ነው፤ ንቀቱም በንግግሩ ውስጥ በግልጽ ይታያል። መምህሩ ይህን ሸፍኖ አይለፍ። ሰው ሰውን እንደ አውሬ ማየት የሚጀምረው በምን ቃል ነው ብሎ ይጠይቅ። በዚህ አገር፣ በዚህ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ለወጣት የሚጠቅም ጥያቄ ከየት ይመጣል?

■ «መጽሐፍ የለም» ለሚሉ

የመጽሐፍ እጥረቱ እውነት ነው። ለዚህ ግን ሰበብ አይሆንም። ባለ 500 ቃላቱን ወረቀት ያባዛ ማሽን ታሪኩንም ያባዛል። 8,000 ቃል በሁለት ገጽ ሲታተም ወደ 10 ቅጠል ወረቀት ነው። ሕግም አይከለክልም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ኮኔል የሞተው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ ጊዜው አልፏል። ማባዛት፣ ማቅለል፣ ወደ አፋን ኦሮሞና ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል። ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

■ የራሳችን ጀብዱስ?

የሚያሳፍረው ደግሞ ይህ ነው። ልብ የሚሰቅል ታሪክ ፍለጋ ደሴት ድረስ የሚሄዱት የኢሉባቦር ልጆች በራሳቸው ደጃፍ ያለፈውን አያውቁም። የኮኔል ዛሮፍ ኮሳክ ነው፤ የፈጠራ ሰው። እውነተኞቹ ኮሳኮች ግን በዚህ ምድር አልፈዋል። በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ናደው ከኢሉባቦር ወደ ነጭ አባይ ዘመቱ። የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ከኮሳኮቹ ጋር አብሮ ነበር። ቆላው፣ ወባው፣ ረኃቡ ሠራዊቱን አሳሳው። የፊተኛው ጓድ ሰኔ ላይ የሶባት ወንዝ ነጭ አባይን ከሚቀላቀልበት ደርሶ ባንዲራ ተከለ። ይገናኙታል የተባለው ፈረንሳዊው ማርሻን ግን አልነበረም፤ ጓዱ ተመለሰ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ማርሻን ፋሾዳ ደረሰ። ሳይገናኙ ቀሩ። በዓመቱ ያው ማርሻን ፋሾዳን ለእንግሊዝ ለቅቆ በባሮ በኩል ወጣና ጎሬ ገባ።

ጎሬ ይህን ብቻ አላየችም። በ1928 አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር ስትያዝ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራው የኢትዮጵያ መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነበር፤ ከተማዋ እስከ ኅዳር 1929 ድረስ አልተያዘችም። ይህ ጀብዱ ካልሆነ ምን ጀብዱ ይሆናል? በቀላል እንግሊዝኛ በ16 ክፍል ተጽፎ ለ9ኛ ክፍል ቢቀርብ ልጁ ቃሉንም አገሩንም በአንድ ድንጋጤ ይማር ነበር።

ሥራው የማን እንደሆነም ግልጽ ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የመቱ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። የቋንቋ ተማሪዎች ለመመረቂያ ከሚጽፉት መካከል ጥቂቱ እንኳ የቀለለ ታሪክ ቢሆን በአምስት ዓመት ውስጥ ዞኑ የራሱ የንባብ መጻሕፍት ይኖሩታል። ትምህርት ቤቶች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለንባብ ይልቀቁ፤ የቤተ መጻሕፍቱም በር ከቁልፍ ይፈታ። የቴሌግራም ቻናሎችም «የዛሬ 10 ቃላት» የሚለውን ትተው «የዛሬ 500 ቃል፣ ክፍል 1» ይበሉ። መጨረሻው ላይ ሬንስፎርድን ገደል አፋፍ ላይ አቁመው «ይቀጥላል» ይበሉ፤ ተማሪው በማግሥቱ ሳይጠራ ይመጣል።

አስጠኚዎችና ዝርዝር አባዢዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ከ500 ቃላችሁ አንዱን ሌሊት ሲያስብ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ አለ? የጄኔራል ዛሮፍን ታሪክ ግማሽ ላይ ያቋረጠ ልጅ ግን እንቅልፍ ያጣል። ቃል ቤቱን የሚሠራው እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ውስጥ ነው።